ለባሕራቸው የተጠየቀው ጥያቄ ለመሬታችንም ይጠየቅ

ጣሊያን ውስጥ ባሕር ላይ መገንባት የሚፈልግ ኩባንያ ገና ከመጀመሩ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። የነፋስ ተርባይን ሊተክል፣ የጋዝ ቧንቧ ሊዘረጋ ወይም ወደብ ሊያሰፋ ቢመጣ ጥያቄው ያው ነው፦ «እዚህ የባሕር ወለል ላይ ከጦርነቱ ዘመን የቀረ ያልፈነዳ ነገር አለ ወይስ የለም?» የ2008ቱ የሥራ ደኅንነት ሕግ በ2012 በወጣው ቁጥር 177 ሕግ ሲሻሻል ይህ ጥያቄ የግዴታ ሆኗል። ቁፋሮ ባለበት ሥራ ሁሉ ያልፈነዳ ተተኳሽ የሚያመጣው አደጋ አስቀድሞ መመዘን አለበት። አደጋ አለ ከተባለ ደግሞ ፍተሻው ሳያልቅ ቁፋሮው አይጀመርም። (በዚህ ጽሑፍ ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ሃያ ዓመቴ ነው፤ ያደግሁትም እዚሁ ሮም ነው። ስለ ባሕር ምሕንድስና ለማስተማር አልተነሣሁም። የምለው አጭር ነው። ጣሊያን ለራሷ ባሕር የምትጠይቀው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያው መንግሥት፣ በዚያው ዘመን፣ ያንኑ መሣሪያ የጣለበት የኢትዮጵያ መሬት ግን በዚህ ደረጃ ሲጠየቅለት አልሰማሁም። ጥያቄውን ለማንሣት ደግሞ ሮም ውስጥ የምንማር ልጆች ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነን። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ባሕር ውስጥ እንዴት ይፈለጋል?

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ምን ያህል ጥንቃቄ ሊደረግ እንደሚችል ያሳያል። መጀመሪያ ታሪክ ይነበባል። በዚህ ቦታ የትኛው አውሮፕላን ደበደበ፣ የትኛው መርከብ ሰጠመ፣ ፈንጂ የተጠመደው የት ነው የሚለው ከጦር መዛግብት ይወጣል። ከዚያ መርከብ በድምፅ ሞገድ የባሕሩን ወለል የሚስል ሶናር እየጎተተች በመስመር በመስመር ትመላለሳለች። ከኋላዋ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ብረትን የሚለይ ማግኔቶሜትር ይከተላል። ብረት የሚመስል ምልክት በታየ ቁጥር ቁጥር ይሰጠዋል፣ ካርታ ላይም ይሰፍራል። ጠላቂ ወይም ካሜራ የያዘ ሮቦት ወርዶ ያየዋል። አብዛኛው አሮጌ መልሕቅ፣ የብረት ገመድ ወይም በርሜል ሆኖ ይገኛል።

ቦምብ ሆኖ ከተገኘ ሦስት አማራጭ አለ፦ ግንባታውን ከቦታው ማራቅ፣ ቦምቡን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ማምከን ወይም እዚያው ማፈንዳት። የመጨረሻው ለዓሣና ለዶልፊን አደገኛ ስለሆነ በሌሎች የአውሮፓ ባሕሮች በቦምቡ ዙሪያ የአየር አረፋ መጋረጃ ይሠራሉ፤ ወይም ፈንጂው ሳይፈነዳ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ያደርጋሉ። ጣሊያን ውስጥ ባሕር ውስጥ የተገኘውን የሚያመክኑት የባሕር ኃይሉ ልዩ ጠላቂዎች ናቸው። የፍለጋው ወጪ ግን የግንባታው ባለቤት ነው፤ እንደ ሲሚንቶውና እንደ ብረቱ በጀት ውስጥ ይገባል።

ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። በጀርመን ባሕሮች ብቻ 1.6 ሚሊዮን ቶን ገደማ የጦር መሣሪያ እንደተጣለ ይገመታል። እዚህ ጣሊያን ደግሞ በሜዲትራኒያን የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 10 ተርባይኖችና 30 ሜጋ ዋት ይዞ በ2022 ታራንቶ ወደብ ላይ ተመረቀ። ታራንቶ በኖቬምበር 1940 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሊያንን የጦር መርከቦች የደበደቡበት ወደብ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ምሰሶ የሚተክል ሰው ቀድሞ ቢፈትሽ ማን ይፈርድበታል?

ባሪ፦ ነርሶቹ ያልተነገራቸው

ነገሩን ከሙያዬ ጋር ያገናኘው የባሪ ታሪክ ነው። ዲሴምበር 2 ቀን 1943 ምሽት ከመቶ በላይ የጀርመን አውሮፕላኖች ያኔ በአሜሪካና በእንግሊዝ እጅ የነበረውን ባሪ ወደብን ደበደቡ። ከሰጠሙት በርካታ መርከቦች አንዷ ጆን ሃርቪ የተባለች የአሜሪካ መርከብ ነበረች። በውስጧ 2,000 ገደማ የሰናፍጭ ጋዝ ቦምቦች በምስጢር ተጭነው ነበር። ምስጢሩን ያውቁ የነበሩት የመርከቧ ሰዎች አብረዋት ጠፉ። «ጋዝ» ይባል እንጂ የሰናፍጭ ጋዝ በተፈጥሮው ወፍራም ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው። ከመርከቦቹ ከፈሰሰው ነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ ወደቡ ላይ ተንሳፈፈ። ከሚቃጠሉት መርከቦች ዘለው ባሕር የገቡት ሰዎች በዚያ ውስጥ ዋኙ።

ሆስፒታል የደረሱት መርከበኞች ከራስ ጥፍራቸው በዘይት ተነክረው ነበር። ነርሶቹ ለብርድና ለድንጋጤ የሚደረገውን አደረጉ፦ ብርድ ልብስ አለበሱ፣ ሞርፊን ሰጡ፣ ከባድ ቁስል ያለበትን አስቀደሙ። የብዙዎቹን ልብስ ግን አላወለቁም፤ ገላቸውንም አላጠቡም። ማንም ምን እንደነካቸው አልነገራቸውም። የሰናፍጭ ጋዝ ሲነካ አያምም። ከሰዓታት በኋላ ዓይን ያብጣል፣ ቆዳ ውኃ ይቋጥራል፣ ሳምባ ይቆስላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የሚያድነው አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልብስ ማውለቅና በብዙ ውኃና ሳሙና ማጠብ። በዚያ ሌሊት ብርድ ልብሱ መርዙን ከቆዳቸው ጋር አቆራኘው።

ከ600 በላይ ወታደሮችና መርከበኞች በጋዙ ምክንያት ሆስፒታል ገቡ፤ ከ80 በላይ ሞቱ። የባሪ ከተማ ነዋሪዎች እዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ምክንያቱን ያወቀው ከቀናት በኋላ የተላከው አሜሪካዊው ሐኪም ስቱዋርት አሌክሳንደር ነው። የሞቱት ሰዎች የትኛው መርከብ ላይ እንደነበሩ በካርታ ላይ እያሰፈረ ሲሄድ ሞቱ ወደ ጆን ሃርቪ እየጠቆመ መጣ። ጠላቂ ደግሞ ከወደቡ ሥር የአሜሪካ ጋዝ ቦምብ ስባሪ ይዞ ወጣ። ያኔም ቢሆን ነገሩ ለሕዝብ አልተነገረም። ቸርችል የእንግሊዝ ሰነዶች ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የሚለው ቃል እንዳይገባ አዘዘ።

አሌክሳንደር የተጎጂዎቹ ነጭ የደም ሴል ክፉኛ መውረዱን መዝግቦ ነበር። ይህ መዝገብ አስቀድሞ በዬል ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረው ምርምር ጋር ተደምሮ ለካንሰር መድኃኒት መንገድ ከፍቷል። በካንሰር ክፍሎች የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋሚድ የዚያው ቤተሰብ ነው። በልምምድ ጊዜ መድኃኒቱን የምታዘጋጀው ነርስ ጓንት ደርባ ስትለብስ ሳይ ታሪኩ ትዝ ይለኛል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ከባሪ ወደብ የወጣውና ከየመጋዘኑ የተሰበሰበው ጋዝ ቦምብ ከሞልፌታ ፊት ለፊት አድሪያቲክ ባሕር ውስጥ ተጣለ። ባሕር ሆድ ሰፊ ነው ተብሎ ይሆናል። ዓሣ አስጋሪዎች ግን መረባቸውን ሲስቡ አብሮ ይወጣ ጀመር። ከ1946 ጀምሮ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት በደቡብ አድሪያቲክ ከ200 በላይ አስጋሪዎች በሰናፍጭ ጋዝ ተጎድተው ሕክምና እንዳገኙ ተመዝግቧል። የባሕር ውኃ ቀዝቃዛ ነው፤ ፈሳሹ በራሱ ላይ ቅርፊት ስለሚሠራ ውስጡ ለብዙ ዓመታት አይሞትም። ለዚህም ነው የጣሊያን የአካባቢ ጥናት ተቋማት ቦታውን ያጠኑት፤ በባሕር ካርታዎችም ላይ ምልክት ያለው። ከአዘርባጃን ጋዝ የሚያመጣው ቧንቧ በ2020 ሥራ ሲጀምር ያለፈው በዚያው በደቡብ አድሪያቲክ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ። እንዲህ ባለ ባሕር ውስጥ ሳያጠኑ ቧንቧ መዘርጋት የማይታሰብ ነው።

ያው መርዝ፣ ሌላ መሬት

እናቴ የደሴ ልጅ ናት። ሮም ከመጣች ጀምሮ የምትሠራው ባዳንቴ ሆና ነው፤ የአረጋውያን ጣሊያናውያንን ገላ ታጥባለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። እኔ ኮሌጅ ገብቼ የምማረውን እሷ በእጇ ታውቀዋለች ማለት ነው። ደሴ ዲሴምበር 6 ቀን 1935 በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል ጭምር ተመትቷል። ያኔ የተጣለው ተራ ቦምብ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ግን ሌላ ነገር መውረድ ጀመረ።

ጣሊያኖች ሲ 500 ቲ የሚሉት ቦምብ 280 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 212 ኪሎው የሰናፍጭ ጋዝ ነው። በሰዓት ተሞልቶ ከመሬት 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲከፈት ፈሳሹ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ከዲሴምበር 1935 መጨረሻ አንሥቶ እስከ 1936 ጸደይ ድረስ በሰሜኑ ግንባር ብቻ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ እንዲህ ዓይነት ቦምብ ተጥሏል። ተከዜ ላይ የራስ እምሩ ሠራዊት ቀመሰው፤ በኋላም ከማይጨው የሚመለሰው ሕዝብ። ብዙው ወታደር ባዶ እግሩን ነበር፤ ሣሩ ላይ የቀረው ፈሳሽ እግሩን ላጠው። የዓለም ቀይ መስቀል ልዑክ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ ቆረም አካባቢ ያየውን ጽፏል። ጣሊያን ግን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት አስቀድማ ያጸደቀች አገር ነበረች።

ጋዙ በማይጨው አላበቃም። በኤፕሪል 1939 ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘረት አጠገብ ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ በጋዝ ተተኩሷል፤ እጃቸውን የሰጡትም በመቶዎች ተረሽነዋል። የጣሊያን ታሪክ ተመራማሪው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ዋሻውን በ2006 ሲያገኘው አጽሞቹ እዚያው ነበሩ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ስለዚህ መርዝ ለዓለም ተናገሩ። የጣሊያን መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በምክር ቤት አዎ፣ ተጠቅመናል ብሎ እስኪያምን ድረስ 60 ዓመት አለፈ፤ ያመነው በ1996 ነው። እስከዚያ ድረስ እውነቱን ከመዝገብ እያወጣ የጻፈው አንጄሎ ዴል ቦካ በገዛ አገሩ ሰዎች ሲሰደብ ኖሯል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። እኔ ግን የወጋው ሁልጊዜ ይረሳል ብዬ አላምንም። ለራሱ ባሕር ሲሆን የት እንደጣለ፣ ምን እንደጣለ፣ ስንት እንደጣለ ይፈልጋል፤ ካርታም ያወጣል።

ስምምነቱ ምን ይላል?

የኬሚካል መሣሪያዎችን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1997 ሥራ ላይ ውሏል። ጣሊያንም ኢትዮጵያም አባል ናቸው። ስምምነቱ ከ1985 በፊት ባሕር ውስጥ የተጣለውን የማሳወቅና የማጥፋት ግዴታ አይጥልም፤ ለአገሮቹ ፈቃድ ትቶታል። ስለ መሬት ግን ጠንከር ይላል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1925 በኋላ አንድ አገር በሌላ አገር መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ትቶት የሄደውን የኬሚካል መሣሪያ የማጥፋት ወጪ የሚሸፍነው ትቶት የሄደው አገር ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቻይና ውስጥ ጥላው የሄደችውን የጋዝ ጥይት በራሷ ወጪ እያስቆፈረች ታጠፋለች፤ ሃርባሊንግ በሚባለው ቦታ ማጥፋት የጀመረችው በ2014 ነው። ጣሊያንም የቤቷን አሮጌ ጋዝ ቦምቦች የምታጠፋበት የጦር ማዕከል አላት። ማዕከሉ ያለው ከሮም በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ በሚል ርቀት፣ ቺቪታቬኪያ ነው። ክረምት ላይ ወደ ባሕር ስንሄድ የምናልፍባት ከተማ ማለት ነው። ዕውቀቱም፣ መሣሪያውም፣ ባለሙያውም እዚሁ አጠገባችን ናቸው።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በ1936 ሣር ላይ የወረደው ጋዝ ዛሬ እግር ያቃጥላል ማለቴ አይደለም፤ ክፍት መሬት ላይ የቀረ ፈሳሽ በዝናብና በጊዜ ይጠፋል። የሚቆየው በብረት ውስጥ እንደታሸገ የቀረው ነው፦ ያልፈነዳ ቦምብ፣ የተቀበረ የመድፍ ጥይት፣ የተረሳ መጋዘን። እሱን ደግሞ ከመቆፈር በፊት የሚያሳየው መዝገብ ነው። መዝገቡ ያለው ሮም ነው።

«ያለፈውን መቆስቆስ ምን ይጠቅማል?»

ይህን የምትለው እናቴ ናት፤ ብዙ የማኅበራችን ወላጆችም እንደሷ ናቸው። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች እንጀራ ሰጥተውናል፤ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» ትለኛለች። ንግግሯን አከብራለሁ። በሰው አገር አንገትን ደፍቶ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ እኔ አላውቀውም፤ እሷ ታውቀዋለች። ግን እኔ የምጠይቀው ለቂም አይደለም። ቦምብ ያለፈ ነገር አይደለም። ባለፈ ዘመን ተጥሎ ነገ የሚፈነዳ ነገር ነው። ጣሊያን ሕጉን ያወጣችው ጦርነቱ ካበቃ ከ67 ዓመት በኋላ ነው፤ ማንም ያለፈውን ቆሰቆሳችሁ አላላትም።

ሁለተኛው መልስ «ጣሊያን ካሣ ከፍላለች» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በ1956 በተደረገው ስምምነት 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፍሏል፤ ቆቃ ግድብም በዚያ ገንዘብ ተሠርቷል። ቆቃ መብራት ሰጥቷል። የቦምብ ካርታ ግን አልሰጠም። ካሣ ለደረሰ ጉዳት ነው፤ መረጃ ገና ሊደርስ ለሚችለው ነው።

ሦስተኛው መልስ የሚከብደኝ ነው፦ «የዛሬው የኢትዮጵያ ችግር የጣሊያን ቦምብ ነው ወይ?» አይደለም። ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ውጊያ በየእርሻው፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢና በየወንዙ ዳር ያልፈነዳ ተተኳሽ ጥሏል። ወሎ ያለችው አክስቴ በስልክ እንደምትነግረኝ ልጆች ወደ ከብት ጥበቃ ሲወጡ የምትመክራቸው ስለ ጅብ አይደለም፤ «ብረት አታንሡ» ትላቸዋለች። የእጅ ቦምብ ለልጅ ዓይን መጫወቻ ይመስላል፤ ለድሃ ገበሬ ደግሞ የሚሸጥ ብረት። ቁራሌው ኪሎውን ይገዛዋል።

ይህን አላጣሁትም። እንዲያውም ሁለቱን አንድ ላይ የማየው ለዚህ ነው። ዛሬ አምካኞች ቆላ ተንቤን ወይም ራያ ሲሠሩ የሚያገኙት ብረት በላዩ የሦስት ትውልድ ጦርነት ያለፈበት መሬት ላይ ነው። የ1935ቱ ወረራ፣ የደርግ ዘመን ጦርነትና የቅርቡ ጦርነት በአንድ ተራራ ላይ ተደራርበዋል። የመሬቱን ሙሉ ታሪክ የማያውቅ አምካኝ እንደ ባሪ ነርስ ነው፤ ምን እንደሚነካ ሳይነገረው ይነካል። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ፍተሻው የሚጀምረው ከመዝገብ ነው ብያለሁ። የኢትዮጵያ አምካኝ ያ መዝገብ ለምን አይኖረውም?

ሌላም ልዩነት አለ። ባሕር ላይ የፍለጋው ዋጋ በጀት ውስጥ ይገባል፤ ኩባንያው ይከፍላል። መሬት ላይ በጀት ሲጠፋ ቦምቡን የሚያገኘው ከብት ጠባቂው ልጅ ነው። እጁን ያጣል፣ ዓይኑን ያጣል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይደርሳል፣ እንደኔ ያለች ነርስ ትቀበለዋለች።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ይህ ማኅበር ስለ ዓድዋ በየዓመቱ ያከብራል፤ ደስ ይለኛል፤ እኔም ነጭ ለብሼ እመጣለሁ። ግን ከበዓል ያለፈ ሥራ መሥራት እንችላለን። ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ መዝገቡን እናንብብ። የጣሊያን የምድር ጦር የታሪክ ቢሮ መዛግብት ያሉት ሮም፣ ቪያ ኤትሩሪያ ነው። የአየር ኃይሉም የራሱ መዝገብ አለው። የየቀኑ የበረራ ዘገባ ምን ያህል ቦምብ፣ ምን ዓይነት፣ የት እንደተጣለ ይመዘግባል። ችግሩ የቦታ ስም ነው። ጣሊያናዊ መኮንን በሰማው መጠን የጻፈውን ስም ለኢትዮጵያ አምካኝ ብታሳዩት የትኛው ቀበሌ እንደሆነ አያውቀውም። ጣሊያናዊ ተመራማሪ ደግሞ ሶኮታ የሚለው ሰቆጣ መሆኑን ቢያውቅ እንኳን ትንሿን ወንዝና ትንሿን አምባ አያውቃትም። ጣሊያንኛ አንብቦ፣ አማርኛና ትግርኛ ሰምቶ፣ ቆረም ላለ አያት ደውሎ «ይህ ቦታ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ማነው? እኛ ነን። ሁለት ቋንቋ መናገር እስከ ዛሬ የጠቀመን ለወላጆቻችን የኩዌስቱራ ወረቀት ለመሙላት ነው። ለዚህም ይጥቀመን። የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የኮምፒውተር ተማሪዎች ካላችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ አገኛችሁ።

ሁለተኛ፣ የጤና ተማሪዎች እንማር፣ እናስተምርም። በአንድ የኮሌጅ ትምህርት ላይ ስለ ኬሚካል ጉዳት ስንማር ኢፕር ተጠቀሰ፣ ባሪ ተጠቀሰ፤ ኢትዮጵያ ግን አልተጠቀሰችም። እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። መምህሩ «ያ የታሪክ ትምህርት ነው» አሉኝ። ማይጨው ታሪክ ከሆነ ባሪም ታሪክ ነው፤ ባሪ ሕክምና ከሆነ ማይጨውም ሕክምና ነው። ለክረምት ወደ አገር ቤት የምንሄድ የጤና ተማሪዎች ደግሞ በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋርኛ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘን መሄድ እንችላለን፦ ብረት ካያችሁ አትንኩ፤ በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ፤ ከሩቅ ምልክት አድርጉ፤ ለቀበሌ ወይም ለቀይ መስቀል ንገሩ። ለጤና ጣቢያዎች ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር፦ ዓይኑ ያበጠ፣ ቆዳው ውኃ የቋጠረ፣ አሮጌ ብረት ነክቶ የመጣ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ጓንት አድርጉ፣ ልብሱን አውልቁ፣ እጠቡት።

ሦስተኛ፣ እንጠይቅ። እዚህ ተወልደን ዜግነት ያገኘን ብዙ ነን፤ ድምፅ እንሰጣለን፣ ለምክር ቤት አባል መጻፍ እንችላለን። የምንጠይቀው ትንሽ ነው፦ ከ1935 እስከ 1941 ኢትዮጵያ ላይ የተጣለው ቦምብና ጋዝ የሚገኝበት መዝገብ በሙሉ ተሰብስቦ፣ በካርታ ተሠርቶ ለኢትዮጵያ ይሰጥ። ገንዘብ ከመጠየቅ በፊት መረጃ እንጠይቅ።

መጠየቅ ፋይዳ የለውም የሚል ካለ ቺርኮ ማሲሞ ድረስ ይሂድ። ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያለበት ሕንፃ ፊት ለፊት የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ተስማማች። 18 ወሩ 58 ዓመት ፈጀ። ግን ሐውልቱ በ2005 ተመለሰ፤ በ2008ም አክሱም ላይ ቆመ። የተመለሰው ተረስቶ አይደለም፤ ሰዎች ሳይሰለቹ ስለጠየቁ ነው።

ከዚያ ትንሽ ራመድ ብትሉ ቪያ ዴል አምባ አራዳም ላይ ትደርሳላችሁ። ጣሊያኖች «አምባራዳን» ሲሉ ዝብርቅርቅ ማለታቸው ነው፤ ቃሉ የመጣው በፌብሯሪ 1936 በጋዝ ጥይት ጭምር ከተደበደበው ተራራችን ስም ነው። እዚያው አዲስ የሜትሮ ጣቢያ ሲቆፈር በ2016 የጥንት የሮም ወታደሮች ሰፈር ተገኘ። ግንባታው ለ1,900 ዓመት አሮጌ ግድግዳ ሲባል በጥንቃቄ ተሠራ። የከተማው ምክር ቤት በ2020 ጣቢያው በጣሊያን ሶማሌው አርበኛ በጆርጆ ማሪንኮላ እንዲሰየም ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ፖርታ ሜትሮኒያ ተባለ። ስለ ስሙ መከራከር ተገቢ ነው፤ እኔም ተከራክሬያለሁ። ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ተራራው ራሱ ነው፤ ዛሬም ከብት የሚጠብቅበት ልጅ አለ።

ፍላጎት ያላችሁ ሁሉ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተገኙ። የመጀመሪያው ሥራ ከባድ አይደለም፦ ቪያ ኤትሩሪያ ለማንበብ ፈቃድ የሚጠይቅ አንድ ደብዳቤ በጣሊያንኛ መጻፍ። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። የሚያርምልኝ፣ አብሮኝ የሚፈርምና አብሮኝ የሚሄድ እፈልጋለሁ።